የሰውን ጽሑፍ በፍትሐዊነት ለመመዘን፦ ከመስፈርት ዝግጅት እስከ ቅሬታ ምላሽ

እ.ኤ.አ. በ1912 ዳንኤል ስታርች እና ኤድዋርድ ኤሊዮት የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሁለት ተማሪዎች የሠሩትን የእንግሊዝኛ ፈተና አባዝተው ለመምህራን አደሉ። 142 መምህራን አረሙት። ለአንደኛው ወረቀት ከመቶ 64 የሰጠ መምህር እንደነበረ ሁሉ 98 የሰጠም ነበር፤ የሁለተኛው ወረቀት ውጤት ደግሞ ከ50 እስከ 97 ተበተነ። እ.ኤ.አ. በ1961 ፖል ዲድሪክ የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ ጉዳዩን አስፍተው 300 የተማሪ ድርሰቶችን ከስድስት ሙያዎች ለተውጣጡ 53 አንባቢዎች ሰጡ፤ ምንም መስፈርት ሳይነግሯቸው በዘጠኝ ደረጃ እንዲመድቧቸው ጠየቁ። ከድርሰቶቹ 94 በመቶ የሚሆኑት ሰባትና ከዚያ በላይ የተለያየ ደረጃ ተሰጣቸው። ከአምስት ያነሰ የተለያየ ደረጃ ያገኘ አንድም ድርሰት አልነበረም።

የዲድሪክ ቡድን አንባቢዎቹ የተለያዩበትን ምክንያት ሲመረምር ነገሩ ግድ የለሽነት ሆኖ አላገኘውም። አንዱ ወገን ሐሳቡን፣ ሌላው ሰዋስውና የፊደል አጻጻፉን፣ ሌላው አደረጃጀቱን፣ ሌላው የቃላት ምርጫውን፣ ሌላው ደግሞ የጸሐፊውን ለዛ አስበልጦ ይመለከት ነበር። ሁሉም በቅንነት ሠርተዋል፤ ሚዛናቸው ግን ለየቅል ነበር። ፍትሐዊ ምዘና በቅንነት ብቻ እንደማይገኝ ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም። አብዛኛው ሥራ የሚያልቀው የመጀመሪያው ጽሑፍ ከመነበቡ በፊት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ለመምህር፣ ለውድድር ዳኛ፣ ለአርታኢ፣ እንዲሁም የባልደረባውን ጽሑፍ አይቶ አስተያየት እንዲሰጥ ለተጠየቀ ሰው ያገለግላል።

1. ጽሑፉ የታዘዘውን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ

ለኃላፊ የቀረበ የሁለት ገጽ ሪፖርትና አጭር ልቦለድ በአንድ መስፈርት አይዳኙም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው አራት ነገሮችን የያዘ ዓረፍተ ነገር ያስፍሩ፦ ጽሑፉ ለማን እንደሚጻፍ፣ አንባቢው አንብቦ ሲጨርስ ምን ማወቅ ወይም ማድረግ እንዳለበት፣ የርዝመቱን ገደብ፣ ለጸሐፊው የተሰጠውን ጊዜ። ለምሳሌ፦ «ጉዳዩን ለማያውቅ አዋቂ አንባቢ፣ አንድን አቋም በምክንያት ለማስረዳት፣ ከ400 እስከ 500 ቃላት፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚጻፍ።»

ጊዜው መጠቀሱ ትርፍ አይደለም። በአንድ ሰዓት የተጻፈ ነገር የመጀመሪያ ረቂቅ ነው፤ የተዘነጋ አራት ነጥብ ወይም የተደገመ ቃል ቢገኝበት የሚጠበቅ ነው። ሦስት ሳምንት ተሰጥቶት በተጻፈ ጽሑፍ ላይ ያው ስህተት ከተገኘ ግን ጸሐፊው አለመከለሱን ያሳያል።

ትእዛዙ ራሱ አሻሚ ከነበረ ጥፋቱን ወደ ጸሐፊው አያዙሩ። «ስለ ጤና ጻፉ» ተብሎ አንዱ ምክር፣ ሌላው ትረካ ይዞ ቢመጣ ሁለቱም ትእዛዙን ፈጽመዋል። እያንዳንዱን በመረጠው የጽሑፍ ዓይነት ይመዝኑ፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ትእዛዙን ያስተካክሉ።

2. መስፈርቱን ከአምስት አያሳልፉ፣ ክብደቱን አስቀድመው ይወስኑ

አሥር መስፈርት ያለው ቅጽ ጠንቃቃ ይመስላል፤ በተግባር ግን ገምጋሚው አራተኛው ላይ ሲደርስ ይደክመውና ቀሪዎቹን ስድስት ከላይ ባለው ስሜት ይሞላል። ለአብዛኛው የማስረዳትና የማሳመን ጽሑፍ የሚከተለው ክፍፍል ይበቃል፦

ሐሳብና ማስረጃ፦ 35
አደረጃጀት፦ 25
የዓረፍተ ነገርና የቃል አጠቃቀም፦ 20
ለአንባቢው መመጠኑ፦ 10
ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ፦ 10

ፊደልና ሥርዓተ ነጥብ 10 ብቻ መሆኑ አንዳንዱን ያስከፋል። ምክንያቱ ግን ግልጽ ነው፤ ይህ ዓይነቱ ስህተት ከሁሉ በፊት ዓይን ውስጥ ይገባል፣ በቀላሉም ይቆጠራል። ስለዚህ ክብደቱ ካልተገደበ ሳይታወቅ የጽሑፉን ግማሽ ነጥብ ይበላል። ጽሑፉ ሳይታረም በቀጥታ የሚታተም ከሆነ ወይም ፈተናው የእርማት ችሎታን የሚለካ ከሆነ ወደ 25 ከፍ አድርጎ ከሌሎቹ ላይ መቀነስ ተገቢ ነው። ውሳኔው የእርስዎ ነው፤ ነገር ግን ጽሑፎቹ ከመከፈታቸው በፊት ይወሰን፣ የሚቻል ከሆነም ጸሐፊዎቹ ከመጻፋቸው በፊት ይወቁት።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ እንዳይቀጣ ነው። በአንቀጽና በአንቀጽ መካከል ያለ የማያያዣ ጉድለት የአደረጃጀት ነው ወይስ የቋንቋ? በአንዱ ሥር ብቻ እንዲቆጠር በቅጹ ላይ ይጻፉት። በተለምዶ በአንቀጾች መካከል ያለው ለአደረጃጀት፣ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ያለው ለዓረፍተ ነገር አጠቃቀም ይመደባል።

3. እያንዳንዱን ደረጃ በሚታይ ነገር ይግለጹ

ከ1 እስከ 6 ያለው መለኪያ ከ1 እስከ 5 ካለው ይሻላል። አምስት ደረጃ ባለበት ገምጋሚ ጥርጣሬ በገባው ቁጥር 3 ላይ ይሸሸጋል፤ ስድስት ሲሆን መሃል ላይ የሚያርፍበት ቁጥር ስለሌለ ጽሑፉ ወደ ላይኛው ወይስ ወደ ታችኛው ግማሽ እንደሚያመዝን ለመወሰን ይገደዳል። 2፣ 4 እና 6ን በቃላት ይግለጹ፤ 3 እና 5 በመካከላቸው ላሉት፣ 1 ደግሞ ከ2 በታች ላለው ይሁኑ። ዜሮ ባዶ ለቀረበ ወይም ፈጽሞ ከትእዛዙ ውጭ ለተጻፈ ብቻ ነው።

በመግለጫው ውስጥ «ጥሩ»፣ «ማራኪ»፣ «በቂ» የሚሉ ቃላት አይግቡ። ሁለት ሰዎች «በቂ» ሲሉ ሁለት የተለያየ ነገር ያስባሉ። ጣት የሚያርፍበትን ነገር ይጻፉ። ለአደረጃጀት እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

6፦ የእያንዳንዱ አንቀጽ ሥራ በአንድ ሐረግ ሊነገር ይችላል፤ አንዱ አንቀጽ ቦታ ቢቀይር ሙግቱ ይሰበራል።
4፦ ቅደም ተከተሉ ይታያል፤ ሆኖም አንድ ወይም ሁለት ቦታ ላይ አንባቢው ወደ ኋላ ተመልሶ ለማንበብ ይገደዳል።
2፦ ዓረፍተ ነገሮቹ በርዕሰ ጉዳዩ ዙሪያ ናቸው፤ ቢቀያየሩ ግን ልዩነቱ አይታወቅም።

ለሐሳብና ማስረጃ ደግሞ ጥያቄው «አቋሙ ምንድን ነው፤ እያንዳንዱ ምክንያት አቋሙን በእርግጥ ይደግፋል ወይስ አጠገቡ ብቻ ተቀምጧል?» የሚል ይሁን። ብዙ ጽሑፍ የሚወድቀው በዚህ በሁለተኛው ነው። ምክንያት ይጠፋዋል ማለት ሳይሆን፣ ምክንያት ተብሎ የቀረበው ነገር አቋሙን ሌላ መልክ አልብሶ መልሶ የሚናገር ይሆናል።

አንድ ስሌት እዚህ ላይ ልብ ይባል። ዝቅተኛው ደረጃ 1 ስለሆነ በሁሉም መስፈርት 1 ያገኘ ጽሑፍ ከመቶ ወደ 17 ነጥብ ይይዛል። የማለፊያ ነጥብ የሚቆረጥ ከሆነ ይህን ይዞ መቁረጥ ያስፈልጋል።

4. ስሙን ይሸፍኑ፣ ቅደም ተከተሉን ያደባልቁ

የጸሐፊው ስም፣ ማዕረግ፣ የመጣበት ተቋም፣ «ለእገሌ መታሰቢያ» የሚል መስመር ሁሉ ይውጣና በኮድ ይተካ። የኮዱን ዝርዝር የማይገመግም ሰው ይያዘው። ከዚያ ወረቀቶቹ ይደባለቁ፤ ቀድሞ ያስገባ ሰው ጽሑፍ ቀድሞ መነበቡ ጥቅምም ጉዳትም ሊያመጣ ይችላልና።

ጽሑፉን ሲያነቡ ጸሐፊውን ካወቁት ለሌላ ገምጋሚ ያስተላልፉት። እኛ ዘንድ ይሉኝታ ብርቱ ነው፤ የሚያውቁትን ሰው ዝቅ አድርጎ መመዘን ይከብዳል። ይህን የሸሸ ሰው ደግሞ አድልቷል እንዳይባል ከሚገባው በታች ይሰጣል። ሁለቱም አድልዎ ነው። በአነስተኛ ቢሮ ውስጥ ስም መሸፈን የማይቻል ከሆነ ቢያንስ አንድ ሌላ ሰው ከእርስዎ ጋር ሳይነጋገር ለብቻው ይመዝን።

በእጅ የተጻፈ ጽሑፍ የራሱ ጣጣ አለው። ያማረ የእጅ ጽሑፍ ነጥብ እንደሚያስጨምር በተደጋጋሚ ታይቷል። ከተቻለ ሁሉም ይተየብ፣ ተያቢውም አንዲት ስህተት እንኳ እንዳያርም ይነገረው። ካልተቻለ ለማንበብ የሚያታክቱትን ለይተው በአንድ ጊዜ፣ አእምሮዎ ትኩስ በሆነበት ሰዓት ያንብቧቸው።

5. በናሙና ይለማመዱ

ከክምሩ ውስጥ አምስት ወይም ስድስት ጽሑፎች ያውጡ፤ ከላይ ሲታዩ ደካማ፣ መካከለኛና ጠንካራ የሚመስሉ ይሁኑ። ገምጋሚዎቹ ሁሉ ሳይነጋገሩ ይመዝኗቸው፣ ከዚያ ነጥቦቻቸውን ጎን ለጎን አስቀምጠው ይወያዩ። በውይይቱ ላይ «እኔ አልወደድኩትም» ተቀባይነት የለውም፤ የሚቀርበው «በሦስተኛው አንቀጽ ላይ እንዲህ ይላል» የሚል ነገር ነው። ልዩነቱ መግለጫው ከመድፈንፈኑ የመጣ ከሆነ መግለጫውን ያርሙ።

በመጨረሻ ሁሉም የተስማሙባቸውን ሦስት ጽሑፎች፣ ማለትም አንድ 2፣ አንድ 4፣ አንድ 6 የሆነ፣ እያንዳንዳቸው ላይ የሁለት መስመር ምክንያት ጽፈው ማመሳከሪያ ያድርጓቸው። እነዚህ ወረቀቶች እስከ መጨረሻው ከፊትዎ አይነሡ። ከማንኛውም መግለጫ ይልቅ ገምጋሚን የሚያስማማው ይህ ነው። ብቻዎን የሚሠሩ ከሆነም ደረጃውን አይዝለሉት፤ ናሙናዎቹን ዛሬ መዝነው ነጥቡን ይደብቁና በማግስቱ እንደገና ይመዝኗቸው።

6. ሁለት ጊዜ ያንብቡ፤ ማስረጃ ይቅደም፣ ነጥብ ይከተል

በመጀመሪያው ንባብ እስክሪብቶ አይያዙ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ ተራ አንባቢ ያንብቡና ሲጨርሱ ጽሑፉ የሚለውን በራስዎ ቃል በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። መጻፍ ካቃተዎት ችግሩ የጽሑፉ ሊሆን ይችላል፣ የድካምዎም ሊሆን ይችላል፤ ለመለየት ሁለተኛውን ንባብ ይጠብቁ።

በሁለተኛው ንባብ እስክሪብቶ ይዘው በእያንዳንዱ መስፈርት ሥር ቢያንስ አንድ ማስረጃ ከነቦታው ያስፍሩ፦ «አንቀጽ 2፣ የሰጠው ምሳሌ ሐሳቡን አይደግፍም።» ቁጥሩን የሚጽፉት ከዚያ በኋላ ነው። ቁጥር ቀድሞ ከተጻፈ አእምሮ ቁጥሩን የሚደግፍ ማስረጃ ብቻ እየመረጠ ያወጣል። ለ500 ቃል ጽሑፍ ሁለቱም ንባቦችና ማስታወሻው በአማካይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይመደብላቸው። 30 ጽሑፍ ማለት ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ነውና በአንድ ቀን ለመጨረስ አይሞክሩ።

አሠራሩን በምሳሌ እንየው። የሚከተለው «ተማሪዎች ስልክ ይዘው ክፍል መግባት አለባቸው ወይ?» ለሚል ጥያቄ የተዘጋጀ አጭር መልስ ነው እንበል፦

«በአሁኑ ወቅት ስልክ የማይጠቀም ሰው የለም። ስልክ በጣም ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ተማሪዎች ስልክ ይዘው ወደ ክፍል መግባት አለባቸው። አንዳንድ ሰዎች ስልክ ትኩረት ይሰርቃል ይላሉ። ይህ ትክክል አይደለም፤ ምክንያቱም ተማሪው ራሱን መቆጣጠር ይችላል። ለምሳሌ መዝገበ ቃላት ለማየት ስልክ ያስፈልጋል።»

በችኮላ ያነበበ ሰው ከፍ ያለ ነጥብ ይሰጠዋል። ዓረፍተ ነገሮቹ አጫጭርና ንጹሕ ናቸው፤ «ስለዚህ»፣ «ምክንያቱም»፣ «ለምሳሌ» የሚሉት ቃላት ሙግት ያለ ያስመስላሉ። ጠጋ ሲሉ ግን «ስለዚህ» ያያያዘው የማይያያዙ ነገሮችን ነው፤ አንድ ነገር በጥቅሉ ጠቃሚ መሆኑ ክፍል ውስጥ እንዲገባ ምክንያት አይሆንም። «ለምሳሌ» የሚለውም ራስን ስለ መቆጣጠር ከሚናገረው ዓረፍተ ነገር ቀጥሎ ቢገባም ምሳሌነቱ ለሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ተቃራኒ ሐሳብ ማንሣቱ ያስመሰግናል፤ የመለሰው ግን ማስረጃ በሌለው ንግግር ነው።

ስለዚህ ለሐሳብና ማስረጃ 2፣ ለአደረጃጀት 3፣ ለዓረፍተ ነገርና ቃል 5፣ ለአንባቢው መመጠን 4፣ ለፊደልና ሥርዓተ ነጥብ 5 እንስጠው። እያንዳንዱ ነጥብ ለ6 ተካፍሎ በክብደቱ ሲባዛ 11.7፣ 12.5፣ 16.7፣ 6.7 እና 8.3 ይመጣል፤ ድምሩ ወደ 56 ነው። የቋንቋው ንጽሕና አሳስቶን ለሁሉም 5 ብንሰጥ ኖሮ 83 ይሆን ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው 27 ነጥብ ሙሉ በሙሉ የገምጋሚው ስህተት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1920 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ግምገማ ሲመረምር ይህንኑ አግኝቷል፤ በአንድ ባሕርይ የተመሰገነ ወታደር ግንኙነት በሌላቸው ባሕርያትም ከሚታመን በላይ ተመስግኖ ነበር። በጽሑፍ ምዘና ላይ የሚከላከሉት መስፈርቶቹን በመነጣጠል ነው። ለምሳሌ ፊደልና ሥርዓተ ነጥቡን ከሌላው ጋር አብረው አይመዝኑ፤ የቀሩት አራት መስፈርቶች ለሁሉም ጽሑፎች ካለቁ በኋላ በተለየ ዙር ይመልከቱት። በቅጽዎ ላይ አምስቱም ነጥቦች አንድ ዓይነት የሆኑላቸው ጽሑፎች ከበዙም ያቁሙና ቀዳሚዎቹን እንደገና ይዩ።

ስለ ፊደልና ስለ ዓረፍተ ነገር

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ብዙ ነጥብ ያለ አግባብ የሚቆረጠው በሞክሼ ፊደላት ነው። ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ አና ዐ፤ ጸና ፀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ የታረሙ መጻሕፍት እንኳ በአጠቃቀማቸው ይለያያሉ። አንዱ ገምጋሚ «ሰራ» የሚለውን እንደ ስህተት ሲቆጥር ሌላው ካላየው ሁለት ሕግ ማለት ነው። አስቀድመው አንዱን ይምረጡ፦ ወይ የአንድ መዝገበ ቃላት አጻጻፍ ለሁሉም ይነገርና ይጠየቅ፣ ወይም ሁሉም አጻጻፍ ተቀባይነት ይኑረውና አንድ ቃል በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሲጻፍ ብቻ ይቆጠር። ለአጠቃላይ ምዘና ሁለተኛው የተሻለ ነው እንላለን፤ ያልተነገረ ሕግ አፍርሰሃል ተብሎ ማንም መቀጣት የለበትም። ያው ስህተት አሥር ጊዜ ቢደጋገምም አንድ ዓይነት ስህተት ተብሎ አንዴ ይቆጠራል፤ ያለዚያ ረጅም የጻፈ ሰው ስለጻፈ ብቻ ይከስራል።

ጥብቀትና ላልቶ መነበብ በጽሕፈት ስለማይታይ «ልጁ ይመታል» የሚለው ሌላውን መምታቱን ወይም መመታቱን ሊገልጽ ይችላል። ዐውዱ ካልለየው ይህ የፊደል ስህተት አይደለም፣ የግልጽነት ጉድለት ነው፤ በዓረፍተ ነገር አጠቃቀም ሥር ይያዝ።

ረጅም ዓረፍተ ነገር በርዝመቱ ብቻ አይቀጣም። ማሰሪያ አንቀጹ (ዋናው ግሥ) መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ፈተናው ቀላል ነው፦ ባለቤቱንና ማሰሪያውን ብቻ አውጥተው ያገናኟቸው። በጾታ፣ በቁጥርና በመደብ ከተስማሙ፣ አንባቢም መሃል ላይ ሳይጠፋ ከደረሰ፣ ዓረፍተ ነገሩ 40 ቃል ቢኖረውም ጤነኛ ነው።

ዳኛን የሚያስቱ ነገሮች

ርዝመት አንዱ ነው። ረጅም ጽሑፍ ጥረት ስለሚያሳይ ነጥብ ይስባል። ፈተናው፦ የመጨረሻውን ሦስተኛ ክፍል በወረቀት ይሸፍኑና ምን አዲስ ነገር እንደጠፋ ይጠይቁ። ምንም ካልጠፋ ያ ክፍል ነጥብ አያስጨምርም።

የባሰው በሐሳቡ መስማማት ነው። የሚያምኑበትን አቋም የያዘ ጽሑፍ ጉድለቱ አይታይም፤ አንባቢው የጎደለውን ምክንያት ከራሱ ይሞላለታል። ነጥቡን ከመጻፍዎ በፊት ይህን ይጠይቁ፦ ተቃራኒው አቋም በዚሁ ዓይነት ምክንያትና በዚሁ ጥንካሬ ቢቀርብልኝ ስንት እሰጥ ነበር? መልሱ ከአንድ ደረጃ በላይ የሚለይ ከሆነ ጽሑፉን ለሌላ ገምጋሚ ይስጡ። ሐሰት የሆነ መረጃ ሲያገኙ ግን ይህ አይሠራም፤ ስህተት የሆነ እውነታ በሐሳብና ማስረጃ ሥር ነጥብ ያስቀንሳል።

ያሸበረቀ ቋንቋም ያስታል፤ ከባድ ቃላትና ተረት የበዛበትን አንቀጽ ወደ ተራ ንግግር ለውጠው በአንድ መስመር ይጻፉት፣ የሚቀረውን ያያሉ። ከንጽጽር የሚመጣውም እንዲሁ ነው፦ ከድንቅ ጽሑፍ ቀጥሎ የተነበበ መካከለኛ ጽሑፍ ደካማ ይመስላል፣ ከደካማ ቀጥሎ ያው ጽሑፍ ያበራል። መድኃኒቱ ከቀደመው ጽሑፍ ጋር ማወዳደር ትቶ ወደ ማመሳከሪያዎቹ መመለስ ነው።

የተቀዳ ወይም በማሽን የተጻፈ መስሎ የታየዎትን ጽሑፍ በጥርጣሬ ብቻ ነጥብ አይቀንሱበት። የጥራት ምዘናውን እንደማንኛውም ይጨርሱ፣ ጥርጣሬውን ለብቻ በጽሑፍ ለሚመለከተው ያቅርቡ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ንጹሑ ይጎዳል፤ ያጠፋውም በግማሽ ቅጣት ያልፋል።

7. ድካምን ይቆጣጠሩ

ከስምንት እስከ አሥር ጽሑፍ አንብበው ቢያንስ 15 ደቂቃ ይረፉ። ገምጋሚ እየደከመ ሲሄድ አንዱ ይጨክናል፣ ሌላው ለቀቅ ያደርጋል፤ ወደ የትኛው እንደሚያደሉ የሚያውቁት በመለካት ብቻ ነው። ሁሉንም ሲጨርሱ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጽሑፎች የቀድሞ ነጥባቸውን ሳያዩ እንደገና ይመዝኑ። በጠቅላላ ድምሩ ልዩነቱ ከ5 ነጥብ ካልበለጠ ይለፉ። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ከ8 ነጥብ በላይ ከሄዱ ሚዛንዎ በመንገድ ላይ ተንሸራቷልና የመጀመሪያውን ምድብ በሙሉ ይድገሙት። አድካሚ ነው፤ ነገር ግን በዕጣ ፊት የወጣ ሰው በዕጣው ሊጎዳ አይገባም።

8. ሁለት ገምጋሚ ሲኖር

ሁለተኛው ገምጋሚ የመጀመሪያውን ነጥብም ሆነ ማስታወሻ አይይ፤ ካየ ሁለት ዳኛ የለም፣ አንድ ዳኛና አንድ አድማጭ ነው ያለው። በአንድ መስፈርት ላይ ልዩነቱ አንድ ደረጃ ከሆነ አማካዩ ይወሰድ። ሁለት ደረጃና ከዚያ በላይ ከሆነ ሦስተኛ ሰው ሁለቱንም ነጥብ ሳያይ ይመዝንና ከሦስቱ እርስ በርስ የሚቀራረቡት ሁለቱ አማካይ ይያዝ። ሁለቱን ተቀራርበው እንዲስማሙ ማድረግ አይመከርም፤ በተግባር የሚያሸንፈው ማስረጃ ያለው ሳይሆን ማዕረግ ወይም ድምፅ ያለው ነው።

ለውድድር ዓይነቱ፣ ነጥብ ሳይሆን ቅደም ተከተል ብቻ ለሚያስፈልገው ሥራ፣ ሌላ መንገድ አለ፦ ሁለት ሁለት ጽሑፍ እያቀረቡ የትኛው እንደሚሻል ብቻ መጠየቅ። መሠረቱን አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሉዊስ ተርስቶን እ.ኤ.አ. በ1927 ጥሎታል። ሰው ለአንድ ጽሑፍ ልክ የሆነ ቁጥር ከመስጠት ይልቅ ከሁለቱ የሚሻለውን ሲለይ የበለጠ ይስማማል። እያንዳንዱ ጽሑፍ አሥር ጊዜ እንዲወዳደር ከተፈለገ ለ30 ጽሑፍ 150 ንጽጽር ያስፈልጋል፤ ለአምስት ዳኞች 30 30 ይደርሳቸዋል። ጥንዶቹ በዕጣ ይወጡ፤ አንድ ጥንድም ለአንድ ዳኛ ሁለቴ አይድረስ። ጉድለቱ ለጸሐፊው የሚነገር ምክንያት አለመስጠቱ ነው፤ ስለዚህ ለማስተማር አይሆንም።

9. አስተያየቱን ይጻፉ

ነጥብ ብቻውን አያስተምርም፤ በቀይ የተሞላ ገጽም እንዲሁ። አንድ በእርግጥ የሠራ ነገር ከነቦታው፣ ቅድሚያ የሚሰጣቸው ሁለት ጉድለቶች፣ ለእያንዳንዱም ጸሐፊው ሊያደርገው የሚችል አንድ ድርጊት ይበቃል። «ሐሳብህ አልተደራጀም» ለጸሐፊው ምንም አይለውም። «ምሳሌህ በስድስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ነው፤ የሚደግፈው ግን ሁለተኛውን ነው። ከሁለተኛው ቀጥሎ አድርገው፣ ራስን ስለ መቆጣጠር ለተናገርከውም ሌላ ማስረጃ ፈልግ» ቢባል ግን ነገ የሚሠራው ይኖረዋል። ዓረፍተ ነገሩን እርስዎ አይጻፉለት። «አንተ» ወይም «አንቺ» ቢሉም የሚናገሩት ስለ ጽሑፉ እንጂ ስለ ሰውየው አይሁን፤ በዕድሜ ወይም በማዕረግ ለሚበልጥዎ «እርስዎ» ይበሉ፣ ነጥቡን ግን ለዚያ ብለው አይለውጡ።

10. ቅሬታ ሲመጣ

ቅሬታ የሚቀርብበት ጊዜና መንገድ ከውጤቱ ጋር አብሮ ይነገር። ቅሬታ አቅራቢው የማስረጃ ማስታወሻውን ከነነጥቡ የማየት መብት ይኑረው፤ ማስታወሻው እንዲህ በቦታ የተጠቀሰ ከሆነ አብዛኛው ቅሬታ እዚያው ያልቃል። ካላለቀ ጽሑፉ አዲስ ኮድ ተሰጥቶት፣ ከሌሎች አራት አምስት ጽሑፎች ጋር ተቀላቅሎ፣ የቅሬታ ጽሑፍ መሆኑን ለማያውቅ ገምጋሚ ይሂድ። ለብቻው ከተላከ ገምጋሚው ስለሚጠረጥር ወይ ይራራል ወይ ይጠነክራል። የድጋሚው ነጥብ ከፍም ይበል ዝቅ እርሱ እንደሚጸና ቅሬታው ከመመዝገቡ በፊት በጽሑፍ ይገለጽ፤ ማስታወሻዎቹና ማመሳከሪያ ጽሑፎቹም የቅሬታው ጊዜ እስኪያልፍ ድረስ አይጣሉ።